በመስተዋት ገንዳ ለሚኖሩ ዓሦች የሚለወጠውን ውሃ ስለ ማጥራት

በዛሬ ዘመን በእንግዳ መቀበያ ክፍላቸው የመስተዋት ገንዳ አቁመው ዓሣ የሚያኖሩ ቤተ ሰቦች በርክተዋል። ይህም ለልጆች መልካም ትምህርት፥ ለባለ ቤቱም ከሥራ በኋላ የዓይን ዕረፍት ነው። ነገር ግን ከብዙዎቹ ቤቶች አንድ ዓይነት ቅሬታ ይሰማል። ይኸውም ዓሦቹ ሳምንቱን ሙሉ ደኅና ሰንብተው፥ ውሃው በተለወጠላቸው ዕለት ወደ ላይ ወጥተው አየር ሲሹ፥ የሚተነፍሱበትንም ስንጥብ ቶሎ ቶሎ ሲያንቀሳቅሱ ይታያሉ፤ በማግሥቱም ሞተው ይገኛሉ የሚል ነው። ልጆች ያለቅሳሉ፤ የቤት ሠራተኛዪቱም ትወቀሳለች፤ ገንዳው ቆሽሾ ነው ተብሎ እንደ ገና ተጠርጎ በአዲስ ውሃ ይሞላል፤ በዚህም የተረፉት ያልቃሉ።

ነገሩን ከመሠረቱ ለመረዳት አስቀድሞ ውሃው የሚለወጥበትን ምክንያት ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በ1850 ዓ.ም. ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን ኬሚስት ዓሣን ከውሃ ተክልና ከቀንድ አውጣ ጋራ በአንድ መስተዋት ዕቃ አኑሮ፥ ተክሉ ለዓሣው የሚተነፍሰውን አየር እንደሚሰጥ፥ ቀንድ አውጣውም የበሰበሰውን ቅጠል እንደሚበላ አሳየ። በ1853 ዓ.ም. በለንደን የአራዊት መጠበቂያ ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት ተከፈተ፤ በማግሥቱም ዓመት ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ባሳተመው መጽሐፍ አኳሪየም የሚለው ስም ተለመደ። ከዚህ የተነሣ ሚዛኑን የጠበቀ ገንዳ ውሃው ከቶ መለወጥ አያስፈልገውም የሚል አሳብ ለብዙ ዘመን ኖረ። ዛሬ ግን ነገሩ እንዲህ እንዳልሆነ ታውቋል። ዓሣው ከበላው ምግብ የተነሣ አሞኒያ የሚባል መርዝ ከሰውነቱ ይወጣል፤ ባክቴሪያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፥ ናይትራይቱንም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ቢሆንም እየተከማቸ ይሄዳል። ስለዚህ በየሳምንቱ ከገንዳው ውሃ ከዐሥር እጅ አንዱን ወይም እስከ ሩብ ድረስ አውጥቶ በአዲስ መተካት ይገባል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መገልበጥ ግን ለዓሣው ድንገተኛ ስደት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰዎች የሚያምታቱትን አንድ ነገር ለይቶ መናገር ይገባል። በገንዳው ውስጥ ሌሊትና ቀን የሚሠራው ማጣሪያ ሌላ ነው፤ ወደ ገንዳው የሚገባውን አዲሱን ውሃ የሚያዘጋጀው ማጣሪያ ሌላ ነው። የመጀመሪያው በስፖንጁና በጠጠሩ ላይ የተናገርንላቸው ባክቴሪያዎች የሚኖሩበት ስለ ሆነ፥ በሚቆሽሽበት ጊዜ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ እንጂ ከቧንቧ በሚወርድ ውሃ መታጠብ የለበትም። የእኛ ነገር ግን ስለ ሁለተኛው ነው።

አዲሱ ውሃ ዓሣን የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ለሰው ጤና ተብሎ በተጨመረበት ክሎሪን ምክንያት ነው። ክሎሪንን በከተማ ውሃ ላይ ሳያቋርጡ መጨመር በአሜሪካ አገር በጀርሲ ሲቲ በ1908 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ስንት ሕዝብ ከአንጀት ተስቦና ከኮሌራ እንደ ዳነ ስናስብ ክሎሪኑን መውቀስ አይገባንም። የዓለም የጤና ድርጅትም ውሃው ቤት ሲደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ክሎሪን እንዲቀርበት ይመክራል። ሰው ይህን ቢጠጣ ምንም አይሆንም፤ ዓሣ ግን ውሃውን በስንጥቡ በደሙ አጠገብ ያሳልፈዋል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በወንዝና በሐይቅ ለሚኖሩ ፍጥረታት ለብዙ ቀን እንዲፈቀድ የወሰነው ልክ በሊትር 0.011 ሚሊግራም ብቻ ነው። እንግዲህ ለሰው ትንሹ ልክ የሆነው ለዓሣ ከሚፈቀደው ዐሥራ ስምንት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

ማጣሪያ ለመግዛት ከመቸኮል በፊት ውሃውን መመርመር ይገባል፤ ማስረጃ ሳይሰማ ፍርድ የሚሰጥ ዳኛ የለምና። በአዲስ አበባ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣው ውሃ ከዝናብ የተጠራቀመ ነው፤ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ግን በድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ማዕድን ይዞ ይወጣል። ማዕድን የበዛበትን ውሃ ባለሙያዎች ጠጣር ውሃ ይሉታል፤ በማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት በመተዉና ሳሙና ቶሎ አረፋ እንዳይሰጥ በማድረጉ ይታወቃል። ክሎሪንን፥ አሞኒያን፥ ጠጣርነትንና ፒኤች የተባለውን የኮምጣጣነት ልክ የሚለዩ የመመርመሪያ ወረቀቶችና ጠብታዎች የዓሣ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ይገኛሉ። የእነዚህ ዋጋ ከማናቸውም ማጣሪያ ያንሳል።

ከዘዴዎቹ ሁሉ ቀላሉ ውሃውን አፉ ሰፊ በሆነ በርሜል ቀድቶ ማሳደር ነው። ክሎሪን በባሕርዩ የሚተን ስለ ሆነ ትንሽ የአየር መንፊያ ገብቶበት አንድ ቀን ቢያድር ይወጣል። አፉ በጠበበ ጀሪካን ተከድኖ ያደረ ውሃ ግን እንዳደረ አይቈጠርም። ጊዜ የሌለው ሰው ሶዲየም ቲዮሰልፌት ያለበትን መድኃኒት ይጨምራል፤ ለአንድ ሚሊግራም ክሎሪን ሰባት ሚሊግራም ያህል ይበቃል፤ ሥራውንም ወዲያው ይፈጽማል። ማፍላትም ክሎሪኑን ያስወጣል፤ ነገር ግን ዓሣው የሚተነፍሰውን አየር አብሮ ያስወጣዋልና ከቀዘቀዘ በኋላ እንደ ገና አየር ሊነፋበት ይገባል። ለአንድ ገንዳ ውሃ ያን ያህል እሳት ማንደድም ለከንቱ ነው። ለመጠጥ ውሃ የምንገለገልበት የሸክላ ማጣሪያ ጭቃንና ተሐዋስያንን ይይዛል እንጂ በውሃው የሟሟውን ክሎሪን አይዝም፤ በውስጡ ከሰል ያለበት እንደ ሆነ ብቻ ይረዳል።

ከሰል ብንል ከማድቤት የሚወጣውን ማለታችን አይደለም። ለዚህ ሥራ የሚሆነው በታላቅ ሙቀት ተዘጋጅቶ ውስጡ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳ የተከፈተበት ከሰል ነው። ውሃው በዝግታ ሲያልፍበት ክሎሪኑ ይጠፋል፤ ሽታና ቀለምም ይቀንሳል። ኖራውንና ሌላውን ማዕድን ግን አይነካም፤ ይህም ለብዙ ዓሦች ጥቅም ነው። ጉድለቱ ጉልበቱ ሲያልቅ ምንም ምልክት አለማሳየቱ ነው። ስለዚህ ሠሪው ስንት ሊትር እንደሚያጠራ የጻፈውን ቍጥር በመዝገብ ይዞ መቈጣጠርና በወር አንድ ጊዜ የወጣውን ውሃ በወረቀት መመርመር ያስፈልጋል። ከከሰሉ በፊት ጭቃ የሚይዝ ማጣሪያ ካልተደረገ ደግሞ በክረምት የደፈረሰ ውሃ ቀዳዳዎቹን ቶሎ ይደፍናቸዋል።

እስካሁን የተናገርነው ለክሎሪን ነው። በሌላ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ከተማ የውሃው ባለሥልጣን ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በክሎሪን ፈንታ ክሎራሚን ይጨምራል፤ ይህም ክሎሪን ከአሞኒያ ጋራ የተዋሐደበት ነው። ክሎራሚን በማሳደር አይተንም። ከሰልም ቢሆን ውሃው ብዙ ጊዜ ካልቈየበት በሚገባ አያጠፋውም፤ ክሎሪኑ ሲወገድም አሞኒያው በውሃው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በዚያ የሚኖር ሰው ክሎሪኑን የሚያጠፋና አሞኒያውንም የሚያስር መድኃኒት መርጦ መግዛት አለበት። በዚያው ከተማ በየዓመቱ በጸደይ ወራት ቧንቧውን ለማጽዳት ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ስለሚመለሱ ማስታወቂያውን መከታተል ይበጃል። ከአዲስ አበባ የሄደ ሰው በርሜል ማሳደር ይበቃል ብሎ በዚያ ቢያደርግ ዓሦቹን ያጣል።

ከሁሉ ይልቅ የሚወደሰው በ1950ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎብና ሱሪራጃን ሥራ ላይ እንዲውል ያደረጉት፥ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ማጣሪያ ነው። ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን አሳልፎ የሟሟውን ማዕድን አብዛኛውን ያስቀረዋል። ይህን ያህል የጠራ ውሃ ለዓሣ ከሁሉ ይሻላል ብሎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው። በውሃው ያለው ማዕድን ለዓሣው ሰውነት ያስፈልጋል፤ ፒኤቹንም ድንገት እንዳይወርድ የሚጠብቀው እርሱ ነው። ከአማዞን ወንዝ ለመጡት እንደ ዲስከስ ላሉት ልዝብ ውሃ ወዳጆች ይህ ማጣሪያ ይረዳል፤ ለእነርሱም ቢሆን ልኩ የታወቀ ማዕድን ሊጨመርበት ወይም ከተዘጋጀ የቧንቧ ውሃ ጋራ ሊደባለቅ ይገባል። ከታንጋኒካና ከማላዊ ሐይቅ የሚመጡት ሲክሊዶች ግን ጠጣር ውሃ የለመዱ ናቸው፤ ማዕድኑን አውጥቶ እንደ ገና ለእነርሱ ሲሉ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ጎልድ ፊሽ የሚባለው ወርቃማ ዓሣና ጋፒም መጠነኛውን የቧንቧ ውሃ ይወዱታል። ደግሞም የተለመደው የቤት ማጣሪያ አንድ ሊትር ሲያጠራ ሦስትና አራት ሊትር ወደ ፍሳሽ ይሰድዳል። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር፥ ጎረቤት ጀሪካን ይዞ ሲሰለፍ ይህን ማድረግ ለባለ ቤቱ የሚያስመሰግን አይመስለኝም። የግድ ከሆነም የሚፈስሰውን ተቀብሎ ለልብስና ለወለል ማጠቢያ ማድረግ ይቻላል።

ስለዚህ በአዲስ አበባ የተለመዱትን ዓሦች ለሚያኖር ቤት በእኔ አስተያየት አንድ ሰፊ በርሜል፥ አንድ የአየር መንፊያና አንድ ጠርሙስ ክሎሪን ማጥፊያ ይበቃሉ፤ ገንዳው ትልቅ ከሆነ የከሰል ማጣሪያ ይጨመር። የአየር መንፊያውን አጥብቀን የምንናገረው ስለ ከተማችን ከፍታ ነው። ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚይዘው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ በቈላ አገር ለተጻፈ መመሪያ የሚበቃው አየር ለእኛ ያንሳል። አዲሱ ውሃ ሲገባም ሙቀቱ በቴርሞሜትር ከገንዳው ጋራ ይተካከል፤ ከበርሜሉ በቀጭን ቱቦ ቀስ ብሎ ይውረድ እንጂ በባልዲ አይደፋ።

ከገንዳው የወጣው አሮጌ ውሃ ናይትሬት ስላለበት ለአትክልት ምግብ ነው። ጨው ወይም የዓሣ መድኃኒት ካልተጨመረበት በደጅ ላለችው ጽጌ ረዳ ቢጠጣ ይስማማታል።