የሻምፖው አረፋ ወዴት ሄደ?

ፀጉራችሁን ስትታጠቡ አረፋው እግራችሁ ስር ዞር ዞር ይልና በሻወሩ ቀዳዳ ይገባል። ለእናንተ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ለውሃው ግን ገና መጀመሩ ነው። እስቲ ዛሬ ያንን አረፋ ተከትለን እንውረድ።

ሻምፖ እንዴት ያጸዳል?

ውሃ ብቻውን የፀጉርን ቅባት አያስለቅቅም። ሻምፖ ውስጥ ግን ሰርፋክታንት የሚባሉ ሞለኪውሎች አሉ። ራሳቸው ውሃ ይወዳል፤ ጅራታቸው ቅባት ይወዳል። ጅራታቸውን ቅባቱ ላይ ይሰኩና በራሳቸው ውሃውን ይዘው፣ ቅባቱን ከፀጉር ነቅለው ይሄዳሉ። ለጋ ቅቤ የተቀባ ፀጉር በአንድ ጊዜ መታጠብ አልለቅ የሚለው ለዚህ ነው፤ ቅባቱ ሲበዛ ብዙ ጅራት ይፈልጋል።

ችግሩ፣ የሕያው ሴል ሽፋንም የተሠራው ከቅባት ነው። ሰርፋክታንት በዛ ካለ የፀጉርን ቅባት ከዓሣ ስንጥብ ሽፋን አይለይም።

«ተፈጥሯዊ» ከሆነስ?

ለዚህ መልስ የሚሆን ታሪክ እዚሁ አገራችን አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። እንዶድ ውስጥ ያለው ሳፖኒን አረፋ የሚሰጥ የተፈጥሮ ሰርፋክታንት ነው። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ ተሸካሚዎች ስለነበሩ ግኝቱ ለጤና ትልቅ ተስፋ ሆነ። ለእኛ ጥያቄ ግን ሌላም ትምህርት አለው፦ ዕቃው ላይ «ከዕፅዋት የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ስላለ ብቻ ሻምፖው የውሃ ፍጥረታትን አይነካም ማለት አይደለም።

የተሻለው ጥያቄ «ውሃ ውስጥ ምን ያህል ይቆያል?» የሚለው ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነበሩት የልብስ ማጠቢያ ዱቄቶች ጅራታቸው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተከፋፈለ ስለነበር ባክቴሪያዎች ሊበሏቸው አልቻሉም። የአውሮፓና የአሜሪካ ወንዞች በአረፋ ተሸፈኑ። በ1960ዎቹ ቀጥ ያለ ጅራት ባላቸው ሲተኩ አረፋው ቀነሰ። ዛሬ ብዙ ሻምፖዎች ውስጥ ያለው ሶዲየም ሎሬት ሰልፌት ባክቴሪያ በቀላሉ ከሚበላቸው ወገን ነው።

ታዲያ ተገላገልን? ገና ነው። ባክቴሪያ ሲበላ ይተነፍሳል።

አንድ ትንሽ ስሌት

ለአንድ ጊዜ መታጠቢያ 10 ሚሊ ሊትር ሻምፖ (ሁለት የሻይ ማንኪያ) ተጠቀማችሁ እንበል። ከዚህ ውስጥ 10 በመቶው ሰርፋክታንት ቢሆን 1 ግራም ገደማ ነው። ይህ 1 ግራም ሙሉ በሙሉ እንዲፈርስ ወደ 2 ግራም ኦክስጅን ያስፈልጋል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ደግሞ 7 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው። አካፍሉት፤ 285 ሊትር ይመጣል! የአንድ ሰው የአንድ ቀን አረፋ በአንድ በርሜል ተኩል ውሃ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በሙሉ ሊጨርስ ይችላል ማለት ነው። ያ ኦክስጅን የዓሣውም ነበር።

በኮንዲሽነርና በፀጉር ማለስለሻ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ሲሊኮኖች ደግሞ ባክቴሪያ በቀላሉ የማይበላቸው ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2020 ጀምሮ ዲ4 እና ዲ5 የተባሉትን ታጥበው በሚወርዱ ምርቶች ውስጥ ከ0.1 በመቶ በታች እንዲሆኑ የገደበው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ቀዳዳው የት ይወስዳል?

ፍሳሹ እንደ ቃሊቲ ወዳለ ማጣሪያ ጣቢያ ከሄደ፣ ባክቴሪያዎቹ አብዛኛውን ሥራ እዚያው ይጨርሱታል። በጎርፍ መውረጃ በኩል ወንዝ ከገባ ግን ሂሳቡን የሚከፍለው ወንዙ ነው። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ላይ ያበቃል። በመንገዱ ላይ ከአቃቂ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይጠጣሉ። እውነቱን ለመናገር የአቃቂ ዋናው ሸክም ሻምፖ አይደለም፤ የሽንት ቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ይብሳል። ሻምፖው በተጫነ አህያ ላይ የሚጨመር ነው።

ምን እናድርግ?

ቅቤ ተቀብታችሁ ከሆነ ከመታጠባችሁ በፊት ትርፉን በጨርቅ ጥረጉት። ሻምፖውን በኩባያ በውሃ በጥብጡት፤ ትንሹ ብዙ ቦታ ያዳርሳል። ያን ያህል ካልቆሸሸ ሁለተኛውን ዙር ተዉት። የአረፋ ብዛት የንጽሕና መለኪያ አይደለም።

ከሁሉም በላይ ግን ዛሬ ቤት ውስጥ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የእኛ ሻወር ፍሳሽ የሚገባው የት ነው? ሴፕቲክ ታንክ፣ የከተማው የፍሳሽ መስመር ወይስ ወንዝ? መልሱን የሚያውቅ ሰው ካጣችሁ፣ ቱቦውን ራሳችሁ ተከተሉት።