ሁለቱ ስፌቶች፤ በአዊ አገር የሴቶች የእጅ ሥራ ወደ ትምህርት ቤት ገበታ ሲወጣ

በአማርኛ «ሰፋ» የሚለው ግሥ የሚገዛቸው ዕቃዎች ብዙ ናቸው። ልብስ ይሰፋል፤ ጫማና ኮርቻ ይሰፋል፤ የብራና መጽሐፍ በሚጠረዝበት ጊዜ ይሰፋል፤ መሶብና ሰፌድም ይሰፋሉ። ዋና ዋናዎቹ መሣሪያዎች ግን ሁለት ናቸው። ጨርቅ የሚወጋው መርፌ ስሙን ያገኘው «ረፍአ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ሲሆን፣ ቆዳና ሣር የሚወጋው ወስፌ «ሰፈየ» ከሚለው የወጣ ነው። «ስፌት» የሚለው ስም ብቻውን ሲነገር በገጠር ባልቴቶች ዘንድ አስቀድሞ የሚታሰበው የሣሩ ሥራ ነው፤ የከተማ ሰው ግን የልብስ ሰፊውን መኪና ያስባል። ትምህርት ቤት በእጅ ሥራ ትምህርት ስም የተቀበለው የከተማውን ስፌት ነው። የትምህርቱ ዘመን ሲፈጸም በወላጆች ቀን ተማሪዎች የሠሩት ዕቃ ለእይታና ለሽያጭ በሚቀርብበት ገበታ ላይ የዚህ ምርጫ ውጤት በግልጥ ይታያል። የተጠለፈ የትራስ ልብስ፣ የዳንቴል የጠረጴዛ ልብስ፣ ትንሽ የጨርቅ ቦርሳና የጨርቅ አሻንጉሊት በፊት ይደረደራሉ፤ ሙዳይና ሰፌድ የተገኙ እንደ ሆነ ለባህል ማሳያ ያህል ከዳር ይቀመጣሉ።

ይህ አመራረጥ እንዴት እንደ መጣና ምን እንዳስከተለ ለመመርመር የእንጅባራ አካባቢ ተስማሚ ነው። እንጅባራ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። አገሩ ደጋና ዝናብ የበዛበት ስለ ሆነ ጥጥ አይበቅልበትም፤ ጥጥ የሚመጣው ከቆላ በንግድ ነው። በአንጻሩ ሣሩ፣ ቀርከሃውና የከብቱ ቆዳ የራሱ ነው። ቀርከሃው ተሰንጥቆ ይጠለፋል እንጂ አይሰፋም፤ ከእርሱ የሚሠራው ወንበርና መደርደሪያ በመንገድ ዳር ተደርድሮ ለመንገደኛ ይሸጣል። ለስፌት የሚሆነው ሣሩና ቆዳው ነው። እንግዲህ በዚህ አገር የጨርቅ ስፌት ገና ከጥሬ ዕቃው ጀምሮ ከውጭ የገባ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

የእጅ ሥራ በደጋው የኢትዮጵያ ክፍል በወንድና በሴት፣ በዘርና በማዕርግ የተከፋፈለ ነበር። ጥጥ መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ነው። ልብስ መስፋትም የወንድ ሥራ ስለ ነበረ በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ የመጡ አውሮፓውያን ተጓዦች በአገራቸው የሴት የሆነውን መርፌ በወንድ እጅ ሲያዩት ተደንቀዋል። መጽሐፍ የሚጠርዙት፣ ብራና ሲቀደድ ወይም ሲበሳ በክር የሚጥፉት፣ ክታብም በቆዳ የሚለብጡት ካህናትና ደብተራዎች ነበሩ። ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ፣ ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ሸማ የሚሠራው በሥራቸው ምክንያት ይናቁ ነበር፤ ቡዳ ናቸው እየተባሉም ይፈሩ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ በ1900 ዓ.ም. ያስነገሩት በዚህ ምክንያት ነው። ዐዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ ልማዱን ወዲያው አልለወጠውም።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል የሣር ስፌት ንቀት ያልደረሰበት መሆኑ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የባላገር ሚስትም የመኳንንት ሚስትም መሶብ ትሰፋለች፤ ብትሰፋም «ባለሙያ» ትባላለች እንጂ በሥራዋ አትሰደብም። ምክንያቱ ከዕቃው ዐይነት የተነሣ አይደለም። ፋቂውና ሸማኔው በእጃቸው ሥራ እንጀራቸውን የሚያገኙ ሲሆኑ፣ ባለሙያዋ ግን ለቤቷ፣ ለዘመዷና ለስጦታ ትሰፋለች። ክብሩ የተጠበቀው ዋጋ ስላልተቈረጠለት ነው። አንዲት ሴት ችግር ሲደርስባት ሰፌዷን ገበያ ማውጣቷ በየትም ቦታ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ይህ እንደ ችግር ይታይ ነበር እንጂ እንደ ሙያ አይቈጠርም ነበር። የትምህርት ቤት ሽያጭ ነገር አስቸጋሪ የሚሆነውም በዚህ በኩል ነው።

የሣሩን ስፌት አሠራር የማያውቅ ሰው እንደ ሽመና ወይም እንደ ጉንጉን ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። ሥራው በእውነት ስፌት ነው። የሣሩ ነዶ እንደ ገመድ ይያዝና ከመካከል ተጀምሮ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት በዙሪያ እየተጠመጠመ ይሄዳል፤ ሰፊዋ በወስፌው የቀደመውን ዙር ትበሳለች፣ በቀዳዳውም መጠቅለያውን ሰንጣቂ አሳልፋ ትጎትታለች፤ አዲሱ ዙር ከቀደመው ጋር የሚያያዘው በዚህ ነው። አክርማና ስንደዶ የታወቁት የስፌት ሣሮች ሲሆኑ፣ በቀለም ተነክሮ ጌጥ የሚወጣበት አለላ ይባላል። ሣሩ ሲሰፋ ርጥበት ይፈልጋል፤ የደረቀ እንደ ሆነ ይሰበራል፤ ስለዚህ ውሃ ከሰፊዋ አጠገብ አይታጣም። ጌጡ በኋላ የሚጨመር አይደለም። ጨርቅ ላይ የሚጠልፍ ሰው ሥዕሉን አስቀድሞ በእርሳስ ነድፎ መከተል ይችላል፤ የመሶብ ሰፊ ግን ዙሩ እየሰፋ ሲሄድ ቀለሙ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በልቧ ትቈጥራለች። አንድ ዙር ከተሳሳተ ሐረጉ ይጣመማል፤ ለማረምም እስከዚያ ድረስ መፍታት ግድ ይሆናል። ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ይህን ልብ ቢለው በከንቱ አይደክምም።

አገልግል ደግሞ ሁለቱ እጆች የተገናኙበት ዕቃ ነው። ውስጡን በሣር የምትሰፋው የቤት እመቤት ናት፤ ላዩን በቆዳ የሚለብጠውና ማንገቻውን የሚሰፋው የቆዳ ሠራተኛው ነው። የምትከበረው ሴትና የሚናቀው ሰው በአንድ ዕቃ ላይ ወስፌያቸውን አሳርፈዋል፤ መንገደኛውም ስንቁን በዚያ ይዞ ሄዷል።

የጨርቅ መርፌ ወደ ሴት ልጅ እጅ በሰፊው የገባው በትምህርት ቤት በኩል ነው። እቴጌ መነን በስማቸው የሚጠራውን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1931 ሲሆን፣ ከፊደልና ከቋንቋ ጋር የቤት አያያዝና የመርፌ ሥራ ይሰጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ የእጅ ሥራ ትምህርት በየጠቅላይ ግዛቱ ሲስፋፋ ለወንዶች እርሻና እንጨት ሥራ፣ ለሴቶች መርፌና ባልትና የሚል ክፍያ አብሮ ተስፋፋ። ይህ ክፍያ የኢትዮጵያ ልማድ ነው ተብሎ አንዳንድ ጊዜ ይነገራል፤ ነገሩ ግን የአውሮፓ ትምህርት ቤት ልማድ ነው። የአገሩ ልማድ መርፌን ለወንድ፣ ወስፌን ለሴት የሰጠ ነበር። በየከተማው በረንዳ ላይ በሲንጀር መኪና የሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች ለረጅም ዘመን ወንዶች ሆነው መቈየታቸውም የቀድሞው ሥርዐት ርዝራዥ ነው።

ከመርፌው ጋር ሥዕሉም ገባ። በአቡጀዲ ላይ በቀለም ክር የሚጠለፈው ጽጌረዳ፣ ጥንድ ወፍ፣ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጽሑፍ በብዙ ቤት ግድግዳና ወንበር ላይ ይታያል። ይህን እንደ ባዕድ ነገር አድርጎ መናቅ ተገቢ አይሆንም። ሁለት ትውልድ ሙሉ ሴቶች የራሳቸው አድርገውታል፤ የሰላምታው ቃል በክር መጻፉም መጻፍ የተማረች ልጅ በቤቱ መኖሯን ለእንግዳ የሚያስታውቅ ነበር። ሆኖም ጥልፉ ሲከበር ሙዳዩ «የእናት ሥራ» ተብሎ ከትምህርቱ ውጭ ቀረ። በአዊ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልጆች በአውኚ እንዲማሩ መደረጉ የአፍ መፍቻ ቋንቋን ወደ ክፍል አስገብቷል፤ የእናት እጅ ግን እንዲህ ያለ በር አልተከፈተለትም።

አሁን ወደ ሽያጩ እንመለስ። በትምህርት ቤት ገበታ ላይ የሚሸጥ ዕቃ ዋጋ የሚቈረጠው ብዙ ጊዜ የክሩንና የጨርቁን ዋጋ በማሰብ ነው፤ የልጅቱ ጊዜ አይቈጠርም። ገዢውም አባት፣ አጎት ወይም መምህር ነው፤ የሚከፍለው ለትምህርት ቤቱ መርጃ ነው እንጂ ለዕቃው አይደለም። ስለዚህ መጥፎ የተሠራውም ደኅና የተሠራውም በተቀራረበ ዋጋ ይሸጣል፤ ልጅቱም በወላጆች ቀን የምትማረው ሥራዋ በምጽዋት የሚገዛ መሆኑን ነው። ይህ ጉዳት ከገንዘቡ ማነስ የከፋ ነው።

ትምህርት ቤት የልጆችን የእጅ ሥራ ይሽጥ ወይስ አይሽጥ የሚለው ጥያቄ በሌላ አገርም ያከራከረ ነው። በፊንላንድ የኡኖ ሲግኔዎስ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1866 በሕግ ገብቶ የእጅ ሥራ በሕዝብ ትምህርት ቤት ተተከለ፤ በስዊድን ኦቶ ሳሎሞን ይህንኑ ሥርዐት ሲያስፋፋ ልጁ የሚሠራው ዕቃ ለቤቱ የሚጠቅም እንጂ የቅንጦት እንዳይሆን አጥብቆ አስተማረ። ለእርሱ ዋናው ፍሬ የሠልጣኙ እጅና ዐይን ነበር። ማሕተማ ጋንዲ በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1937 በዋርዳ በተደረገው ጉባኤ ትምህርቱ ሁሉ በእጅ ሥራ ዙሪያ እንዲተከልና የሚሸጠው ምርት የመምህሩን ደመወዝ እንዲሸፍን አሳሰቡ። ሐሳቡን እንዲያደራጅ የተሠየመው በዛኪር ሁሴን የሚመራው ጉባኤ ግን ገንዘቡ ትምህርቱን እንዳይውጠው አስጠንቅቋል። በኢትዮጵያም በደርግ ዘመን ትምህርትና ምርት እንዲጣመሩ በመፈክር ሲነገር ትምህርት ቤቶች የውስጥ ገቢ እንዲያገኙ ይበረታቱ ነበር፤ በዚያን ጊዜም የጓሮ አትክልቱና የእጅ ሥራው ብዙ ጊዜ የሚመዘነው ባስገባው ብር ነበር። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ያልተሸጠ ሥራ ፈራጅ አያገኝም፤ ለገንዘብ ብቻ የተሠራ ደግሞ ቶሎ ይበላሻል።

በአገር ውስጥ ለዚህ የሚጠቀስ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርት ነው። በዚያ በሥጋ ደዌ የተጐዱ ሰዎች የጠለፉት የትራስ ልብስና የግድግዳ ጌጥ ለአገር ሰውና ለውጭ ጎብኚ ሲሸጥ ኖሯል። ጥልፉ ስለ እርሻ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ቤት ሥራ የሚናገር የአገር ሥዕል ነው። ገዢው አስቀድሞ በርኅራኄ ቢመጣ እንኳ ደግሞ የሚመለሰው ዕቃው መልካም ሲሆን ነው።

በእንጅባራ ሥራን የሚያውቅ ገዢ አይጠፋም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ሲያከብር ፈረሱ ከነጌጡ ይወጣል። ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ በኮርቻው ላይ የሚለብሰው ግላስ የቆዳና የጨርቅ ስፌት ናቸው፤ ፈረሰኛውም ስፌቱ ጠንካራ ይሁን ደካማ በአንድ ግልቢያ ያውቀዋል። ለእርሱ የሚሸጥ ሰው ርኅራኄ አይጠብቅም። የቤት እመቤትም እንዲሁ ናት። ሰፌድ ለመግዛት ስታነሣ ገልብጣ ጀርባውን ታያለች፣ ዙሩን በጣቷ ትጫናለች፣ ወደ ብርሃን አንሥታ ቀዳዳ ትፈልጋለች። የተጠለፈውን የትራስ ልብስ ግን «ያምራል» ብላ ታልፋለች፤ የምትፈርድበት መለኪያ የላትምና። እንግዲህ ዋጋን በእውነት የሚቈርጥ ገዢ ያለው ለአገሩ ስፌት ነው፤ ትምህርት ቤቱ በገበታው ዳር ያስቀመጠውም ይህንኑ ነው።

ሣሩን ወደ ክፍል ለማስገባት የሚቀርበው ተቃውሞ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ሥራው ረጅም ጊዜ ይወስዳል የሚል ነው። ይህ ትልቅ መሶብን ብቻ በማሰብ የሚነገር ይመስላል፤ ትንሽ ሙዳይ ወይም የስኒ ማስቀመጫ በአንድ ወቅት ትምህርት ሊፈጸም ይችላል፤ ጊዜውም ስለሚታወቅ በዋጋው ውስጥ ለመቍጠር ከጥልፉ ይልቅ ይቀላል። ሁለተኛው መምህር የለም የሚል ነው። መምህራኑ ግን የተማሪዎቹ እናቶችና አያቶች ናቸው፤ የጐደላቸው የምስክር ወረቀት ነው። ወላጆች በወላጆች ቀን ተጠርተው በገዢነት ከሚቀመጡ በዓመቱ ውስጥ በመምህርነት ቢጠሩ፣ ሰፌዱን ገልብጠው ጀርባውን የሚያዩ ዐይኖች ከሽያጩ ቀን በፊት በክፍሉ ውስጥ ይገኛሉ። ወንዶች ልጆችንም ከዚህ የሚያስቀር ምክንያት የለም፤ የአገልግሉ ቆዳና የኮርቻው ስፌት ለእነርሱ ባዕድ አይደለም። በከሰል ንግድ የታወቀው ይኸው አገር የከሰሉን ጆንያ አፍ በሲባጎ ሲሰፋ የሚውለውም አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው።

የዘመን አቈጣጠሩም ለዚህ ይስማማል። የስፌት ሣር የሚሰበሰበው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ ትምህርት ቤትም የሚከፈተው በመስከረም ነው። በጥቅምት ነዶው ደርቆ ይታሰራል፣ በበጋው ወራት ይነከራል፣ ይሰፋል፣ ይፈታል፣ እንደገና ይሰፋል፤ ሰኔ ገብቶ ወላጆች ሲጠሩ ሙዳዩ ከነክዳኑ ይደርሳል።