ክላዲንግ ገዢ ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ቁጥር

የሕንፃን ፊት የሚያለብሰው የአልሙኒየም ክላዲንግ ሲሸጥ ገዢው የሚመለከተው ሦስት ነገር ነው፤ ቀለሙን፣ ውፍረቱንና የካሬ ሜትር ዋጋውን። አራት ሚሊ ሜትር ውፍረትና አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ሁለት ናሙናዎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ የለመደ ዓይን እንኳ ከፊታቸው ብቻ አይለያቸውም። በዋጋ ግን ይለያያሉ። ገዢውም ደላላውም ልዩነቱን ለማርካው ወይም ለመጣበት አገር መስጠት ይቀናቸዋል። ዋናው ልዩነት ያለው ግን በሁለቱ ስስ የአልሙኒየም ንጣፎች መካከል በተቀበረው ሙሌት ነው።

እያንዳንዱ የአልሙኒየም ንጣፍ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ቀሪው ሦስት ሚሊ ሜትር ሙሌት ነው። በርካሹ ፓኔል ውስጥ ያለው ሙሌት ፖሊኤትሊን ነው፤ ፌስታልና ጀሪካን ከሚሠሩበት ፕላስቲክ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በውዱ ውስጥ ደግሞ ከዘጠና በመቶ የማያንሰው የማዕድን ዱቄት ሲሆን ፕላስቲኩ ዱቄቱን ከማያያዝ አያልፍም። ለዚህ ከሚውሉት ማዕድናት አንዱ የሆነው አልሙኒየም ሃይድሮክሳይድ ሲሞቅ ውሃ ስለሚለቅ እሳቱን ያቀዘቅዛል።

ሁለቱን የሚለየው መሣሪያ ቦምብ ካሎሪሜትር ይባላል። ስሙ ቢያስፈራም አሠራሩ ቀላል ነው። ከሙሌቱ ግማሽ ግራም ያህል ተፈጭቶ በወፍራም የብረት ዕቃ ውስጥ ይገባና ኦክስጅን በከፍተኛ ግፊት ይሞላበታል። ዕቃው ውሃ ውስጥ ከተነከረ በኋላ ናሙናው በኤሌክትሪክ ሽቦ ይለኮሳል። ውሃው በስንት ዲግሪ እንደሞቀ ተለክቶ፣ አንድ ኪሎ ግራም ሙሌት ቢቃጠል ስንት ሜጋ ጁል ሙቀት እንደሚሰጥ ይሰላል። የመሣሪያው ትክክለኛነት የሚረጋገጠው የሚሰጠው ሙቀት አስቀድሞ በሚታወቀው ቤንዞይክ አሲድ ነው።

በአውሮፓ ምደባ ኤ2 ለሚባለው ደረጃ ሙሌቱ በኪሎ ግራም ከ3 ሜጋ ጁል ማለፍ የለበትም፤ ሌላ የእሳት ፈተናም ይጨመርበታል። ፖሊኤትሊን 46 ሜጋ ጁል ያህል ይሰጣል። ደረቅ እንጨት 18፣ ናፍታ ደግሞ 43 ያህል ነው።

ሒሳቡን ወደ ሕንፃው ማምጣት ይቻላል። በአንድ ካሬ ሜትር ርካሽ ፓኔል ውስጥ 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ፖሊኤትሊን አለ። ይህም ከሦስት ሊትር ናፍታ የሚበልጥ ሙቀት ይሰጣል። ሁለት ሺሕ ካሬ ሜትር ያለበሰ ባለሀብት እንግዲህ ከ30 በርሜል በላይ ናፍታ ግድግዳው ላይ እንደሰቀለ ይቆጠራል።

ይህ የወረቀት ሥጋት ብቻ አለመሆኑ ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 2017) በለንደን ታይቷል። ባለ 24 ፎቁ ግሬንፌል ታወር ሲታደስ በመጀመሪያ የታሰበው የዚንክ ልባስ ፖሊኤትሊን ባለው ፓኔል ተተካ። በዚህም ወደ 293 ሺሕ ፓውንድ ተቆጠበ። በአራተኛው ፎቅ ከአንድ ወጥ ቤት የተነሳው እሳት በልባሱ በኩል ሕንፃውን አዳርሶ 72 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል ትውልደ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይገኙበታል።

ከአደጋው በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት ከየሕንፃው ናሙና እያሰበሰበ በዚሁ መሣሪያ አስለካ። እስከ 3 ሜጋ ጁል፣ ከ3 እስከ 35 እና ከ35 በላይ ተብሎም በሦስት ተመደበ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 ከ18 ሜትር በላይ ለሆኑ አዳዲስ መኖሪያ ሕንፃዎች ተቀጣጣይ ልባስ ተከለከለ። ገበያው ደግሞ የራሱን ፍርድ ሰጠ። ልባሳቸው አጠራጣሪ የሆኑ አንዳንድ አፓርታማዎች ለባንክ ብድር ሲገመቱ ዋጋቸው ዜሮ ተባለ፤ ባለቤቶቹም መሸጥ አቃታቸው።

ከዚህ ለገዢው የሚተርፈው ሁለተኛው ትምህርት የምስክር ወረቀትን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 የወጣው የአጣሪ ጉባኤው ሪፖርት እንደሚያመለክተው፣ ያው ፓኔል ጠርዙ ታጥፎ በካሴት መልክ ሲገጠም በሪቬት ከሚገጠመው እጅግ የባሰ የእሳት ውጤት ነበረው። አምራቹም ይህን ከገበያው ሸሽጓል። ስለዚህ ወረቀት የሚመሰክረው ለተፈተነው ዕቃና ለተፈተነበት አገጣጠም ብቻ ነው።

በአዲስ አበባ ለሚገዛና ለሚያስመጣ ሰው መፍትሔው ሩቅ አይደለም። አንደኛ፣ የሙሌቱ ዓይነትና የሜጋ ጁል ቁጥሩ ፕሮፎርማው ላይ ይጻፍ፤ ኤል.ሲ. ሲከፈትም ይኸው ቁጥር የውሉ አካል ይሁን። ሁለተኛ፣ የፈተናው ወረቀት የምርቱን ቁጥርና አገጣጠሙን መጥቀሱ፣ ላቦራቶሪውም በአይኤስኦ 17025 ለዚሁ ፈተና ዕውቅና ያለው መሆኑ ይታይ። ሦስተኛ፣ ዕቃው ሲደርስ ከጭነቱ መካከል ቁራጭ ተወስዶና በሻጭና በገዢ ታሽጎ ለምርመራ ይላክ፤ ቀሪው ክፍያ ውጤቱን ይጠብቅ።

በሱቅ ደጃፍ ክብሪት ጭሮ መሞከር ልኬት አይደለም። ማዕድን የተቀላቀለበት መካከለኛው ፓኔልም ቶሎ ስለማይያያዝ፣ ከ3 ሜጋ ጁል እጅግ የራቀውን ዕቃ እንደ ደህና ሊያስቆጥር ይችላል። የላቦራቶሪው ቁጥርም ብቻውን ሁሉን አይናገርም፤ በፓኔሉና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተትና ከጀርባው የሚገባው የሙቀት መከላከያ የእሳቱን መንገድ ይወስናሉ። ሆኖም ቁጥሩን ሳይጠይቅ የሚገዛ ሰው ምን እንደገዛ አያውቅም።

የምርመራው ወጪና የጥቂት ቀናት መዘግየት ከግሬንፌሉ ቁጠባ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለውም ለዚህ ነው።