የወባ መድኃኒት ከእርሾ፦ ሳይንሱ ሠመረ፣ ገበያው ግን እምቢ አለ

መድኃኒት በማሳ ይብቀል ወይስ በጋን ይጠመቅ? ክርክሩ ሃያ ዓመት አልፎታል። ጎልቶ የታየውም በወባ መድኃኒቱ በአርቲሚሲኒን ላይ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አርቲሚሲኒን የሚገኘው የአሪቲ ዘመድ ከሆነ የቻይና ተክል ነው። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ በ1972 ከባልደረቦቻቸው ጋር ንጥረ ነገሩን ለይተው አወጡ፤ በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። የቀድሞዎቹ መድኃኒቶች ወባን መግደል ሲያቅታቸው አገሮች አርቲሚሲኒን ወዳለባቸው ጥምር መድኃኒቶች ዞሩ። ኢትዮጵያም በ2004 ፋንሲዳርን ትታ ኮአርተምን ተቀበለች።

ፍላጎቱ ሲንር ገበያው ታመሰ። ተክሉ ተዘርቶ፣ ታጭዶ፣ ተጨምቆ መድኃኒት እስኪሆን ብዙ ወራት ይፈጃል። ዋጋ ሲወደድ ገበሬው ሁሉ ይዘራል፤ ምርቱ ሲደርስ ዋጋው ይወድቃል፤ በቀጣዩ ዓመት ዘሪ ይጠፋና እንደገና ይወደዳል። በ2005 ገደማ ከ1,000 ዶላር በላይ የነበረው አንድ ኪሎ በ2007 ወደ 200 ዶላር ወርዷል።

ይህን መዋዠቅ እርሾ እንዲያረጋጋው ታሰበ። በ2004 የጌትስ ፋውንዴሽን 42.6 ሚሊዮን ዶላር መደበ፤ በካሊፎርኒያ በርክሌይ የጄይ ኪስሊንግ ቡድንና አሚሪስ የተባለው ኩባንያ ሥራውን ያዙ።

ጠላና ዳቦ የሚያቦካው እርሾ ከስኳር ኤፍፒፒ የተባለ ሞለኪውል ይሠራል፤ ከዚህም ለሽፋኑ የሚያስፈልገውን ኤርጎስቴሮል ያወጣል። ተመራማሪዎቹ የኤፍፒፒውን ምርት አበዙ፤ ወደ ኤርጎስቴሮል የሚሄደውን ግን ቀነሱ። ጨርሰው ቢያቋርጡት ሴሉ ይሞት ነበር። ከዚያ ከተክሉ የወሰዷቸውን ጂኖች አስገቡ፤ እርሾውም የተረፈውን ኤፍፒፒ አርቲሚሲኒክ አሲድ አደረገው። በ2006 ከአንድ ሊትር የተገኘው 100 ሚሊግራም ብቻ ነበር፤ በ2013 ግን 25 ግራም ደረሰ። አሲዱን ወደ አርቲሚሲኒን የሚለውጠው የመጨረሻ ሥራ የኬሚስቶች ነው።

በዚያው በ2013 ሳኖፊ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ጣሊያን፣ ጋሬሲዮ በሚገኘው ፋብሪካው ማምረት ጀመረ። የዓለምን ፍላጎት ሲሶ ያህል ለመሸፈን አቅዶ ነበር። ትርፍ ሳይፈልግ እንኳ ኪሎውን ከ350 ዶላር በታች መሸጥ አልቻለም፤ የማሳው ምርት ደግሞ ከ250 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። በ2015 ፋብሪካው አርቲሚሲኒን አላመረተም፤ በኋላም ተሸጠ።

እርሾው አሸንፎ ቢሆን ኖሮ በቻይና፣ በቬትናምና በምሥራቅ አፍሪካ ተክሉን የሚያለሙ አነስተኛ ገበሬዎች ገቢያቸውን ያጡ ነበር። የተቺዎቹም ሙግት ይኸው ነበር። በሌላ በኩል ማሳው ብቻውን ሲቀር ድርቅም ሆነ የዋጋ መውደቅ ያመጣው እጥረት መጨረሻው በሽተኛው ላይ ነው። ስለዚህ ክርክሩ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ ገንዘብ ዞሯል፦ ለክፉ ቀን ብቻ የሚያገለግል ፋብሪካ ሥራ ፈትቶ እንዲቆይ ማን ይከፍላል? ገበያው አይከፍልም። አሚሪስ ያንኑ የእርሾ ጥበብ ቀድሞ ከሻርክ ጉበት ይወጣ የነበረውን የመዋቢያ ቅባት፣ ስኳሌንን፣ ለማምረት አውሎታል። ለቅባቱ ደንበኛው ራሱ ይከፍላል፤ ለወባ መድኃኒት ግን አብዛኛውን ሂሳብ የሚሸፍኑት መንግሥታትና ለጋሾች ናቸው፤ መጠባበቂያውንም ሊያቆሙ የሚችሉት እነሱው ናቸው።