የውሻና የድመት የልብ ሐኪም እንዴት ይሠለጥናል?

እ.ኤ.አ. በ1909 በለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አዳራሽ ጂሚ የተባለ ቡልዶግ እግሮቹን ጨው በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ነክሮ በጸጥታ ቆመ። ባለቤቱ፣ የፊዚዮሎጂ ሊቁ ኦገስተስ ዎለር፣ የውሻውን ልብ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በመሣሪያ ለታዳሚው አሳዩ። እንስሳ ማሠቃየት አይደለም ወይ የሚል ጥያቄም እስከ ፓርላማ ደረሰ። ዛሬ በየሆስፒታሉ ያለው ኢሲጂ የተባለው የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ እዚህ የደረሰው በእንዲህ ያሉ ሙከራዎች ነው። ውሻው የሰውን ልብ ለማወቅ ረድቷል፤ የእሱን ልብ የሚያክም ሐኪም በወጉ ማሠልጠን የተጀመረው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

በዚህ መስክ ስማቸው ቀድሞ ከሚነሣው አንዱ የአሜሪካው ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ዴቪድ ዴትዋይለር ናቸው። ከባልደረቦቻቸው ጋር በሺህ የሚቆጠሩ ውሾችን መርምረው የትኛው የልብ ሕመም በየትኛው ዕድሜና ዝርያ እንደሚበዛ መዘገቡ። አሁን በአሜሪካ የቤት እንስሳት የልብ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሻ ሰው የአራት ዓመቱን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ይጨርሳል፤ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት በኢንተርንነት ይሠራል፤ ቀጥሎ ሦስት ዓመት ገደማ በሬዚደንትነት ይሠለጥናል፤ በመጨረሻም የስፔሻሊስቶቹን ከባድ ፈተና ያልፋል።

ሥልጠናው የሚጀምረው ከጆሮ ነው። ተማሪው ማዳመጫውን በግራ ደረት ታችኛው ክፍል ላይ ብቻ አሳርፎ እንዳይነሣ ይነገረዋል። አንዳንድ ቡችሎች ከመወለዳቸው በፊት ክፍት የነበረው፣ በልብ አጠገብ ያሉትን ሁለት ታላላቅ የደም ሥሮች የሚያገናኘው መተላለፊያ ሳይዘጋ ይቀራል። የዚህ ችግር የማያቋርጥ ድምፅ ጎልቶ የሚሰማው ከፍ ብሎ ብብት አካባቢ ነው። እዚያ ያላዳመጠ ሐኪም፣ መተላለፊያው በጊዜ ቢዘጋ ረጅም ዕድሜ ሊኖር የሚችለውን ቡችላ ጤነኛ ነው ብሎ ይሸኘዋል። አንዱ እጅ ማዳመጫ ሲይዝ ሌላው በጭን ውስጥ ያለውን የደም ትርታ ይዳስሳል፤ ልብ መትቶ ትርታው ካልደረሰ ምቱ ተዛብቷል ማለት ነው። ድመቷ ኩርር እያለች ማዳመጥ ካስቸገረች የቧንቧ ውሃ መክፈት ብዙ ጊዜ ዝም ያሰኛታል። ሠልጣኙ ጤናማውንም መለየት አለበት፤ የጤነኛ ውሻ ልብ አየር ሲስብ ፈጠን፣ ሲያስወጣ ዘግየት ማለቱ የተለመደ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ላልታመመ ውሻ መድኃኒት ያዛል።

ከጆሮ ቀጥሎ ዓይን ይሠለጥናል። ውሻው መሐሉ በተቆረጠ ጠረጴዛ ላይ በጎኑ ይተኛል፤ ሐኪሙ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ከሥር በቀዳዳው አስገብቶ የልቡን ክፍሎችና ቫልቮች በስክሪን ያያል። አብዛኛው እንስሳ ማደንዘዣ አያስፈልገውም፤ የሚያረጋጋው እጅ ይበቃዋል። ሬዚደንቱ ይህን ምርመራ በአስተማሪው ፊት ደጋግሞ ይሠራል፣ ይለካል፣ ይታረማል።

የሥልጠናው ከባዱ ክፍል ግን መድኃኒት መቼ እንደሚጀመር መወሰን ነው። በትንንሽ ዝርያ ውሾች ላይ በብዛት የሚታየው የልብ ሕመም በግራው የልብ ክፍሎች መካከል ያለው የሚትራል ቫልቭ መወፈርና ማፍሰስ ነው፤ ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓንየል በዚህ በጣም ይጠቃል። ብዙዎቹ ያልተለመደ የልብ ድምፅ እየተሰማባቸው ለዓመታት በሰላም ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ኤፒክ የተባለ ጥናት 360 ውሾችን ተከታትሎ ነበር። ልባቸው ሰፍቶ ምልክት ገና ያላሳዩት ውሾች ፒሞቤንዳን የተባለው መድኃኒት ሲሰጣቸው የልብ ድካም ሳይደርስባቸው በአማካይ 15 ወር ገደማ ተጨማሪ ጊዜ አግኝተዋል። ልቡ ላልሰፋ ውሻ ግን ይህ መድኃኒት አይመከርም። ሁለቱን የሚለየው ልኬት ነው፤ ለምሳሌ የግራው የላይኛው የልብ ክፍል ከልብ ከሚወጣው ዋና የደም ሥር ከአኦርታ ጋር ሲነጻጸር 1.6 እጥፍና ከዚያ በላይ መሆኑ ይታያል። ስለዚህ በልኬቱ ላይ የምትፈጠር ትንሽ ስሕተት ውሻውን ወይ ያለመድኃኒት ታስቀረዋለች፣ ወይ የማያስፈልገውን ታስውጠዋለች።

ድመት ሌላ ፈተና ናት። ከ100 ድመቶች ወደ 15 የሚሆኑት የልብ ጡንቻ መወፈር እንዳለባቸው ጥናት አሳይቷል። ሆኖም ብዙ ጤነኛ ድመቶች ያልተለመደ የልብ ድምፅ ሲኖራቸው፣ አንዳንድ የታመሙት ደግሞ ምንም አይሰማባቸውም። በድንገት የኋላ እግሮቿ ዝለው የምትጮኸው ድመት ከልቧ የተነሣ የረጋ ደም የደም ሥሯን ዘግቶባት ሊሆን ይችላል። ትንፋሽ አጥሯት ለመጣች ድመት ሠልጣኙ የሚማረው የመጀመሪያ ሕግ በራጅ አለማስጨነቅ ነው፤ ኦክስጅን፣ ጸጥታና ውሃ የሚያወጣ መድኃኒት ይቀድማሉ።

መልካም ሥልጠና ጠያቂ ሐኪምም ያፈራል። በዴቪስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፖል ፓዮንና ባልደረቦቻቸው ልባቸው ሰፍቶ የደከመባቸውን ድመቶች ሲመረምሩ፣ በደማቸው ውስጥ ታውሪን የተባለው ንጥረ ነገር ማነሱን አዩ። ድመት ይህን ንጥረ ነገር በበቂ መጠን ራሷ መሥራት አትችልም። ታውሪን ሲሰጣቸው የብዙዎቹ ልብ አገገመ፤ ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1987 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጣ። መኖ አምራቾች ታውሪን ጨመሩ፤ ብዙ ድመቶችን ይገድል የነበረውም ሕመም ብርቅ ሆነ።

ስፔሻሊስት በየሰፈሩ አይገኝም። ስለዚህ ሥልጠናው አጠቃላይ ሐኪሙንም፣ ባለቤቱንም ማካተት አለበት። የልብ ችግር ያለበት ውሻ ወይም ድመት በቤታችሁ ካለ፣ በእርጋታ ተኝቶ ሳለ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ ቁጠሩ፤ መሳብና ማስወጣት አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ቁጥሩ በተደጋጋሚ ከ30 ካለፈ ሳንባ ውሃ እየያዘ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ሳትዘገዩ ደውሉ።

በአገራችን ከ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በቢሾፍቱ የሚሠለጥኑት የእንስሳት ሐኪሞች ዋና ትኩረት የእርሻና የጋማ ከብት ነው፤ ይህም የገበሬው ሕይወት በከብቱ ላይ የቆመ በመሆኑ ተገቢ ነው። ለመጀመሪያው ደረጃ የልብ ምርመራ ግን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ማዳመጫ፣ የሚዳስስ እጅና በቂ ልምምድ ይበቃሉ። ይህ ልምምድ ለስፔሻሊስት ብቻ ተትቶ የሚቀር ሳይሆን እያንዳንዱ የእንስሳት ሐኪም ከመመረቁ በፊት ሊጠየቅበት የሚገባ ነው፤ የብዙ እንስሳት ዕጣ የሚወሰነው መጀመሪያ ባዳመጣቸው ሐኪም ጆሮ ነውና።