ገና በዝናብ ሲውል፦ የነጭ ሸማና የሎስ አንጀለስ ክረምት ሳይንስ

በሎስ አንጀለስ ከተማ በፌርፋክስ ጎዳና፣ ከኦሎምፒክ እስከ ፒኮ ያለው አጭር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2002 በከተማዋ ምክር ቤት ውሳኔ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰይሟል። ከምግብ ቤቶቹና ከቡናው ሽታ ጋር የሰፈሩ መለያ ሆኖ የሚታየው ነጩ የሀገር ልብስ ነው። በዓል ሲቃረብ ነጠላው፣ ጋቢውና ባለጥበቡ ቀሚስ ከየሱቁና ከየሻንጣው ይወጣል። ይሁን እንጂ ይህ ልብስ የተፈተለውም የተሸመነውም ለሌላ ሰማይ ነው። ገናና ጥምቀት በኢትዮጵያ ደጋ የሚውሉት ሰማዩ ጥርት በሚልበት በበጋ ወራት ሲሆን፣ በሎስ አንጀለስ ግን የሚውሉት ከዓመቱ ሁሉ ዝናብ በሚበዛበት ወቅት ላይ ነው። በመሆኑም ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው፣ በተለይም አረጋዊ ወይም ሕፃን ከሆነ፣ በአንድ ማለዳ ለከባድ ብርድ ሊጋለጥ ይችላል። ይህ ለምን እንደሚሆን፣ አለባበሱንም ሳይተዉ እንዴት መጠንቀቅ እንደሚቻል ከአየር ንብረትና ከጨርቅ ሳይንስ መረዳት ይቻላል።

ሁለት ሰማይ፣ አንድ የቀን መቁጠሪያ

በአማርኛ «ክረምት» ማለት የዝናብ ወቅት ነው። በውጭ ሀገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ግን ቃሉን ለበረዶና ለቅዝቃዜ ወራት ሲጠቀሙበት ይሰማል። በሎስ አንጀለስ ሁለቱ ትርጉሞች ይገናኛሉ፤ ዝናቡም ቅዝቃዜውም በአብዛኛው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባሉት ወራት አብረው ይመጣሉ።

ለዚህ ዋናው ምክንያት በሰሜን ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ የሚሰፍረው ከፍተኛ የአየር ግፊት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግፊቱ ወደ ሰሜን ስለሚሳብና ስለሚበረታ፣ ከውቅያኖሱ የሚነሱትን ዝናብ አዘል ወጀቦች ከደቡብ ካሊፎርኒያ ያርቃቸዋል። በታኅሣሥና በጥር ወደ ደቡብ ሲያፈገፍግና ሲዳከም ግን መንገዱ ይከፈትላቸዋል። በኢትዮጵያ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ፀሐይን ተከትሎ የሚጓዘው የምድር ወገብ የዝናብ ቀበቶ ከሰኔ እስከ መስከረም ወደ ሰሜን ሲወጣ ክረምት ይገባል፤ ወደ ደቡብ ሲመለስ ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ በጋን ያመጣል። ስለዚህ በሀገር ቤት በዝናቡ ማብቂያ ላይ የሚከበረው እንቁጣጣሽ በሎስ አንጀለስ በሞቃትና ደረቅ ወር ይውላል፤ ገናና ጥምቀት ደግሞ በዝናቡ ወቅት ይገባሉ።

በመጠን ከታየ የሎስ አንጀለስ ዝናብ ትንሽ ነው። የመሀል ከተማዋ የዓመት አማካይ 360 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። ነገር ግን ጥቂቱ ዝናብ በጥቂት ቀናት ተጠራቅሞ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ የሚያመጣውም የአየር ጠባይ ተመራማሪዎች «የከባቢ አየር ወንዝ» የሚሉት፣ ከሞቃታማው ውቅያኖስ ተነሥቶ ረጅምና ጠባብ ሆኖ የሚፈስ የውሃ ተን ነው። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 4 እስከ 6 ቀን 2024 በመሀል ከተማዋ 216 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ወርዷል። ይህም ከዓመቱ አማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በሦስት ቀናት ውስጥ መውረዱን ያሳያል።

ጥጥ ሲረጥብ

የአዲስ አበባ የገና ማለዳ ከሎስ አንጀለሱ አይሞቅም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይቀዘቅዛል። ጋቢ የለበሰ ሰው ግን አይበርደውም። ልዩነቱ ያለው በአየሩ ድርቀት ላይ ነው።

ጋቢ የሚያሞቀው በክሮቹ መካከል ያለውን አየር ይዞ ስለሚያቆይ ነው። በእጅ የተፈተለ ማግ ልልና ለስላሳ ስለሆነ ብዙ አየር ያቅፋል፤ አየር ደግሞ ሙቀትን በቀላሉ አያስተላልፍም። ዝናብ ሲመታው በአየሩ ቦታ ውሃ ይገባል፤ ውሃ ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ነው። ጥጥ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ሴሉሎስ በመሆኑ ውሃን አይገፋም። በሴሉሎስ ሞለኪውል ላይ የተደረደሩት የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥምረቶች የውሃን ሞለኪውል ይስባሉ። ለዚህም ነው ጥጥ በበጋ ላብን በመምጠጥ የሚመሰገነው። በዝናብ ግን ይኸው ጠባዩ ይጎዳል። ልል ሸማ ከራሱ ክብደት በላይ ውሃ ሊይዝ ስለሚችል፣ አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን ጋቢ በለበሰው ሰው ትከሻ ላይ ሦስት ኪሎ ሊሆን ይችላል።

ከዚህም በላይ ከጨርቁ ላይ የሚተነው ውሃ ሙቀት ይፈልጋል። ግማሽ ሊትር ውሃ ለማትነን የሚያስፈልገው ሙቀት፣ የአንድ አዋቂ ሰው ገላ በእረፍት ላይ ሳለ በሦስት ሰዓት ውስጥ ከሚያመነጨው ይበልጣል። ነፋስ ሲኖር ትነቱ ይፈጥናል፤ ብርዱም ይበረታል። የገላ ሙቀት ከሚገባው በታች የመውረድ አደጋ በበረዷማ አገር ብቻ የሚከሰት አይደለም። በረጠበ ልብስ ላይ ነፋስ ሲጨመር፣ በተለይ አረጋውያንና ሕፃናት፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በላይ በሆነበት ቀንም ሊጎዱ ይችላሉ።

ነጩ ለምን ገላን ያሳያል?

የረጠበ ነጭ ቀሚስ ሌላው ችግር ከክብር ጋር የተያያዘ ነው፤ ጨርቁ በውስጡ ያለውን ማሳየት ይጀምራል። ደረቅ ሸማ ነጭ ሆኖ የሚታየው ብርሃን ከአየር ወደ ክር፣ ከክር ወደ አየር ባለፈ ቁጥር አቅጣጫውን ስለሚቀይርና በየአቅጣጫው ስለሚበተን ነው። ይህ የሚሆነው አየርና የጥጥ ክር ብርሃንን የሚያጥፉበት መጠን በእጅጉ ስለሚለያይ ነው። ክፍተቱን ውሃ ሲሞላው ልዩነቱ ይጠባል፤ የሚበተነው ብርሃን ይቀንሳል፤ የሚያልፈው ይበዛል። ስለዚህ ጨርቁ ጥራት ያለው መሆኑ ብቻ አያድነውም፤ ሸማው እየቀጠነ በሄደ መጠን ችግሩ ይብሳል። ከስር የቆዳ መልክ ያለው ወይም ወፈር ያለ የውስጥ ቀሚስ መልበስ ቀላሉ መፍትሔ ነው። ነጭ የውስጥ ልብስ ግን ከስር ከቆዳው ጋር ስለሚለያይ በእርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጎልቶ ይታያል።

በርኖስና ገሳ ያስተማሩት

የኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪ ዝናብን በጥጥ ብቻ አልተጋፈጠም። በመንዝና በሰሜን ሸዋ ደጋ ከበግ ጠጕር የሚሠሩት በርኖስና ባና ለብርድና ለካፊያ የተበጁ ናቸው። የሱፍ ክር ውጫዊ ገጽ በተፈጥሮው በስስ የቅባት ሽፋን ስለተለበጠ የውሃ ጠብታ ቶሎ አይሰርግበትም። የክሩ ውስጠኛ ክፍል በአንጻሩ የውሃ ተንን ይመጥጣል። ሱፍ ከክብደቱ አንድ ሦስተኛ የሚሆን እርጥበት ይዞ እንኳ ሲዳሰስ ርጥበቱ እምብዛም አይታወቅም፤ ተኑን ሲመጥጥም መጠነኛ ሙቀት ይለቃል። የተጠማዘዘው ክሩ ሲረጥብ እንደ ጥጥ ስለማይተኛ በውስጡ አየር ማቆየቱን ይቀጥላል።

እረኛው ከሣር ጎንጉኖ የሚደርበው ገሳ ደግሞ የሚሠራው በሌላ ዘዴ ነው። ሣሩ እንደ ጎጆ ክዳን ወደ ታች ተነባብሮ ስለሚደረደር፣ ጠብታው ከአንዱ ሰበዝ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ከዳር ይወርዳል። የላይኛው ሣር ቢረጥብም ከስር ያለው ደረቅ ሆኖ ይቆያል፤ በመካከሉ አየር ስለሚያልፍም እረኛው በላብ አይታፈንም።

ዘመናዊው የዝናብ ልብስ ለብዙ ዓመታት ያልፈታው ችግር ይኸው መታፈን ነበር። ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ማኪንቶሽ እ.ኤ.አ. በ1823 በሁለት ጨርቆች መካከል ጎማ በማስገባት ውሃ የማያስገባ ልብስ የፈጠራ መብት አገኘ። ልብሱ ዝናብን ቢከለክልም ላብንም አያስወጣም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካዊው ሮበርት ጎር ቴፍሎን የሚባለውን ቁስ በፍጥነት በመሳብ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ስስ ገለፈት ሠራ። ቀዳዳዎቹ ለውሃ ጠብታ ጠባብ፣ ለውሃ ተን ግን ሰፊ በመሆናቸው ዝናቡ ሳይገባ ላቡ ይወጣል። በዚህ መርህ የተሠሩ ጃኬቶች ዛሬ በየመደብሩ ይገኛሉ።

ገዢ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። የብዙ ዝናብ ልብሶች ውጫዊ ገጽ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ የኖረው ፒፋስ በሚባሉ፣ በተፈጥሮ በቀላሉ በማይበሰብሱ ኬሚካሎች ነበር። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ እነዚህ ኬሚካሎች ሆን ተብሎ የተጨመሩባቸውን አዳዲስ ልብሶች መሸጥ ከልክላለች። ለከባድ ዝናብ የተሠሩ የሜዳ ልብሶች ብቻ እስከ 2028 ድረስ ጊዜ ተሰጥቷቸዋል፤ እነርሱም ኬሚካሉን መያዛቸውን በጽሑፍ መግለጽ አለባቸው።

ለዝናባማ በዓል እንዴት ይለበስ?

ከላይ የተገለጹት መርሆች ሲደመሩ የአለባበሱን ቅደም ተከተል ይወስናሉ። ለገላ የሚቀርበው ስስ ሱፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀሚሱ ወይም እጀ ጠባቡ ከዚያ በላይ ይለበሳል። ነጠላውና ጋቢው ከዝናብ ካፖርት በላይ ሳይሆን ከስር ይሁኑ። ከላይ የሚደረበው ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ ሰፊና ባለ ቆብ ካባ ቢሆን የተጣጠፈውን ሸማ ሳይጨመድድ ይሸፍናል። ለካፊያ ጥቁር በርኖስ በነጩ ላይ መደረብ ከጥንት የመጣ ውበት ነው፤ በበርኖስ ቅርጽ የተሰፋ ውሃ የማያስገባ ካባም ለጠንካራ ዝናብ ያገለግላል። ቤተ ክርስቲያን ሲደረስ ካባው ይወልቃል፤ ሸማው ደረቅና ነጭ ሆኖ ይገለጣል።

የቀሚሱ ጫፍ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። መሬት የነካ ጥጥ ውሃን እንደ ፋኖስ ክር ወደ ላይ ይስባል፤ ጭቃው ጥለቱ ላይ የሚደርሰውም በዚህ መንገድ ነው። ቀሚሱን በመቀነት ጠበቅ አድርጎ ከቁርጭምጭሚት በላይ ማንሣት ችግሩን ከምንጩ ያስቀራል።

ጃንጥላ የሚያድነው ነፋስ እስካልበረታ ድረስ ነው። ትልቅ የዝናብ ጠብታ በሰከንድ 9 ሜትር ያህል ፍጥነት ይወርዳል። ነፋሱም በሰከንድ 9 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሆነ፣ ዝናቡ 45 ዲግሪ አጋድሎ ይመጣል። በዚህ ጊዜ ጃንጥላ ራስንና ትከሻን ቢሸፍንም ከወገብ በታች ያለው ይረጥባል። ጫማን በተመለከተ ደግሞ ለወራት ዝናብ ያልነካው አስፋልት የመኪና ዘይትና አቧራ አጠራቅሞ ስለሚቆይ፣ የመጀመሪያው ዝናብ መንገዱን በጣም ያንሸራትተዋል። ልሙጥ የቆዳ ሶል ያለውን የበዓል ጫማ በከረጢት ይዞ፣ ጎርበጥ ያለ የጎማ ሶል ባለው ጫማ መጓዝ ከመውደቅ ያድናል።

ከዝናብ በኋላ

ጥጥ ሲረጥብ ጥንካሬው አይቀንስም፤ ጥበቡ የተጠለፈበት ክር ሬዮን ከሆነ ግን ርጥበት በእጅጉ ያላላዋል። ስለዚህ የረጠበ ቀሚስ አይጠመዘዝም። በንጹሕ ፎጣ ላይ ተዘርግቶ፣ ሌላ ፎጣ ተደርቦበት በእጅ ይጫናል። ያልረጋ ቀለም ወደ ነጩ እንዳይፈስ በጥበቡና በሸማው መካከል ደረቅ ነጭ ጨርቅ ይገባል፤ ከዚያም አየር በሚያገኝ ጥላ ቦታ በጠፍጣፋው ይሰጣል። ሻጋታ እርጥብ ጨርቅ ላይ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መብቀል ስለሚችል፣ በእጥፋቱ ውስጥ ርጥበት የቀረበት ጋቢ ወደ ሻንጣ አይመለስም። ገና ላይ ዝናብ የመታው ልብስ በዚህ መልክ ከተያዘ፣ እስከ ጥምቀት ባሉት 12 ቀናት ደርቆና ነጽቶ ለሁለተኛው በዓል ይደርሳል።