ስልኩ ዘፈኑን አይልክም

ስልካችሁ ላይ በስፖቲፋይ የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን እየሰማችሁ ቤት ገባችሁ እንበል። የመሣሪያዎች ምልክቷን ነክታችሁ ከዋይፋይ ጋር የተገናኘውን የሳሎን ስፒከር ስትመርጡ፣ ዘፈኑ ስልኩ ላይ ካቆመበት ስንኝ ስፒከሩ ላይ ይቀጥላል። አሁን ስልኩን አጥፉት። ዘፈኑም ይጠፋል ብላችሁ ጠበቃችሁ አይደል? አይጠፋም! በብሉቱዝ ቢሆን ግን ወዲያው ጸጥ ይል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልኩ ለስፒከሩ ዘፈኑን አልላከለትም። «ይህን ዘፈን ከዚህ ሰከንድ ጀምረህ አጫውት» የሚል አጭር መልእክት ብቻ ነው የተላለፈው፤ ድምፁን ስፒከሩ ራሱ በኢንተርኔት ከስፖቲፋይ ሰርቨር ያመጣል። አዝማሪ ቤት ገብቶ «ተቀበል!» እያለ ግጥም የሚሰጠውን ሰው አስቡት፤ ዜማውም ድምፁም የአዝማሪው ነው፣ ግጥም ሰጪው ሒሳቡን ከፍሎ ቢወጣም ማሲንቆው አይቆምም።

ይህ አሠራር ስፖቲፋይ ኮኔክት ይባላል። ኩባንያውን ዳንኤል ኤክና ማርቲን ሎረንትሶን ስቶክሆልም ውስጥ በ2006 መሠረቱት፣ ኮኔክትን ደግሞ በ2013 አስተዋወቁ (ሁሉም በፈረንጆቹ አቆጣጠር)። እንዲህ በመሣሪያዎች መካከል ገብቶ የሚያግባባውን ሶፍትዌር ባለሙያዎች ሚድልዌር ይሉታል።

ውስጡን እንየው። ስፒከሩ ዋይፋዩ ላይ «እዚህ ነኝ» እያለ ራሱን ያስታውቃል። ስልኩ ይህን ሲሰማ የአካውንታችሁን መግቢያ ፈቃድ ያቀብለዋል፣ ስፒከሩም በራሱ ሰርቨሩ ላይ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ሰርቨሩ ሁለቱንም የአንድ ሰው ንብረት አድርጎ ያያቸዋል፤ አንዱን «አንተ አቁም»፣ ሌላውን «አንተ ተረከብ» ይላል። በአንድ አካውንት ተራው የአንድ መሣሪያ ብቻ ስለሆነ፣ ሌላ ከተማ ያለ ወንድማችሁ በእናንተ አካውንት ሙዚቃ ሲከፍት የእናንተ ሳሎን ጭጭ ይላል።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ የሰዓቱ ጉዳይ ነው። «አሁን 2 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ላይ ነን፣ አሁን 15 ላይ» እያሉ በየሰከንዱ መልእክት መላክ ኔትወርኩን በከንቱ ማጨናነቅ ነው። ስለዚህ መልእክቱ ሁለት ቁጥር ይይዛል፦ ዘፈኑ የደረሰበትን ቦታና ያ ቦታ የተመዘገበበትን ሰዓት። ተቀባዩ ከዚያ ወዲህ ያለፈውን ጊዜ ይደምርበታል፣ በቃ። የመሣሪያዎቹ ሰዓት ካልተስማማ ታዲያ ድምሩም ይዛባል።

ስቶክሆልሞቹ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት መጋራት ነበራቸው። የተጠቃሚዎች ኮምፒውተሮች የዘፈን ቁርጥራጭ እርስ በርስ ይቀባበሉ ነበር። ጉናር ክራይትስና ፍሬድሪክ ኒዬሜላ በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተደመጠው ሙዚቃ በቀጥታ ከሰርቨር የመጣው 8.8 በመቶው ብቻ ነበር፤ 35.8 በመቶው ከሌሎች ተጠቃሚዎች፣ የቀረው ኮምፒውተሩ ላይ ቀድሞ ከተቀመጠ ቅጂ። ስንቱ ተጠቃሚ ሳያውቀው ለሌላው ዘፈን ያድል ነበር ማለት ነው! ስልኮች ግን እዚህ ማኅበር ውስጥ አልነበሩም። አሠራሩም በ2014 ቀረ።

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ። ከስቶክሆልም ለአዲስ አበባ ዘመድ ስፒከር የምትልኩ ከሆነ፣ መጀመሪያ የቤቱን ኢንተርኔት ጠይቁ። ኔት የሚቆራረጥበት ቤት ከሆነ ብሉቱዝ ያለውን ላኩ፤ በኮኔክት ስፒከሩ ዘፈኑን ከሰርቨር ስለሚያመጣ፣ ስልክ ላይ ወርዶ የተቀመጠ ዘፈን ምንም አይጠቅመውም።